ጾመኛ በወፍራሟ ከተማ

ጾም የያዘ ሰው በህዳር ወር ቦሎኛ ባይገባ ይሻለዋል። እኔን የወሰደኝ የዩኒቨርሲቲ የጥናት ሥራ ነው፤ ጊዜውን የመረጠው ሌላ ሰው ነው። ይህች የሰሜን ጣሊያን ከተማ ሦስት ቅጽል አላት፤ ምሁሯ፣ ቀይዋ፣ ወፍራሟ ይሏታል። ምሁሯ የተባለችው እ.ኤ.አ. በ1088 ተመሠረተ በሚባለው ዩኒቨርሲቲዋ ነው። ቀይዋ የተባለችው በጡቦቿና በጣሪያዎቿ ነው፤ የለም፣ በግራ ፖለቲካዋ ነው የሚሉም አሉ። ወፍራሟ ለምን እንደተባለች ለማወቅ ግን መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። ከትልቁ አደባባይ ጀርባ ኳድሪላቴሮ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ጎራ ማለት ይበቃል።

መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። ከየሱቁ ጣሪያ የአሳማ ጭን ተንጠልጥሏል። መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ሞርታዴላ ተጋድሟል። አጠገቡ አርባ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ክብ የፓርሚጃኖ ፎርማጆ ተደራርቧል፤ አንዱን ክብ ለመሥራት 500 ሊትር ያህል ወተት ይፈጃል፣ ለገበያ ከመውጣቱ በፊትም ቢያንስ 12 ወር ይቀመጣል። በእንቁላል የተቦካ ቢጫ የታሊያቴሌ ፓስታ ተጠቅልሎ ተደርድሯል፣ በሥጋ የተሞላ ቶርቴሊኒ በትሪ ተከምሯል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያልነካው ነገር ስፈልግ ዓይኔ ያረፈው የሽንኩርት ጉንጉን ላይ ነበር።

ችግሩ ድርብ ነው። የነቢያት ጾም በታህሳስ 29 ይፈታል፤ አሳማው ግን አይፈታም። የቦሎኛ ምግብ ደግሞ ከአሳማ ጋር ተጋብቶ የሚኖር ነው። ራጉ በሚሉት የሥጋ ስጎ ውስጥ አለ፣ በቶርቴሊኒው ውስጥ አለ፣ ባቄላውም ሽንኩርቱም የሚጠበሰው በስቡ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ በስልክ «መንገደኛ አይጾምም፣ እግዜር ያውቃል» ብለው ሊፈቱኝ ሞክረው ነበር። አልተፈታሁም። ጽድቅ አስቤ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የበለጠው እልህ ነው። ግን እልሁ ጠቀመኝ። ጾሙ ባይኖር እንደማንኛውም ጎብኚ ምግብ ቤት ገብቼ፣ የተባለውን በልቼ፣ ፎቶ አንስቼ እመለስ ነበር። ጾሙ በጓሮ በር በኩል ማጀት አስገባኝና ወፍራሟ ከተማ በየቤቷ የምታድረው በቁጠባ እንደሆነ አየሁ።

ክፍል ያከራዩኝ ሴት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ሲኞራ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ቤታቸው ከሳን ቪታሌ በር ወጣ ብሎ ያለ አሮጌ ፎቅ ነው፤ ሰው በዝናብ ጃንጥላ ሳይዘረጋ ገበያ ደርሶ የሚመለስበት የቦሎኛ የእግረኛ ጥላ መንገድ እስከ ደጃፋቸው ይደርሳል። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው በከተማው ዳርቻ ይኖራሉ፣ እሁድ እሁድ ይመጣሉ። ማጀታቸው ጠባብ ነው። አራት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ እንደ ከዘራ የረዘመ የሊጥ መዳመጫ እንጨት፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ሚዛን።

ሚዛኑ ጉድ ነው። ሲኞራዋ ፓስታ ሲቀቅሉ ይመዝናሉ። ለአንድ ሰው 80 ግራም። ለመቶ ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውሃ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ አሥር ግራም ጨው። እኛ ዘንድ ምግብ በነፍስ ወከፍ ሲለካ ያየ ሰው «ቤቱ ምን ነካው?» ይላል። መሶቡ ውስጥ የሚቀር እንጀራ ከሌለ ባለቤቷ ታፍራለች፤ ማን እንደሚመጣ አይታወቅማ። ስለዚህ ሰው ሚዛኑን ንፍገት ብሎ ለመጥራት ይቃጣዋል። አንድ ቀን ግን የሲኞራዋ የእህት ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ሳይደውል መጣ። ሲኞራዋ ቅንጣት አልተደናገጡም፤ ሌላ 80 ግራም መዝነው ጨመሩ፣ አለቀ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የእኛ ሊጥ ሦስት ቀን ይቦካል፣ ምጣድ ይጣድለታል፣ ወጡ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እንግዳው ደጅ ከቆመ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። ስለዚህ የእንግዳው ድርሻ አስቀድሞ መሶብ ውስጥ መግባት አለበት። የእሳቸው እንግዳ ድርሻ ግን ደረቅ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈልገው።

ሌላው ሕግ ሰዓት ነው። ምሳ በሰባት ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ፓስታው ከውሃው ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሲኞራዋ «አ ታቮላ!» ብለው ይጣራሉ፤ ወደ ገበታ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ስልክ የሚያወራ፣ እጁን የሚታጠብ፣ «መጣሁ መጣሁ» የሚል ሰው ይሰደባል። በእናቴ ቤት ምግብ ሰውን ይጠብቃል፤ አባቴ እስኪመጣ ወጡ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። እዚህ ሰው ነው ምግብን የሚጠብቀው። ሰው የጠበቀ ፓስታ ይላሽቃል፤ የላሸቀ ፓስታ ለሲኞራዋ ከነውር አይተናነስም።

ፓስታ ወደኛ እንዴት እንደመጣ ስንጫወት አንድ ነገር አመለጠኝ። ተጋብዞ እንዳልመጣ፣ ጦር አስከትሎ እንደመጣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ በዚያ ላይ አልተከራከርንም። የተከራከርነው ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ፓስታ በስጎ እንጀራ ላይ ተደርጎ በእጅ እንደሚበላ ስነግራቸው ነው። ሹካቸውን አስቀመጡ። «ዳቦ ላይ ፓስታ?» አሉ። እንጀራ ዳቦ አይደለም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የባሰ አደረግኩት።

ነገሩ ለምን እንዳንገበገባቸው ለመረዳት የከተማዋን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቦሎኛ ምግቧን መዝገብ ላይ ያሰፈረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 የታሊያቴሌ ስፋት ሲበስል 8 ሚሊ ሜትር መሆኑ ተወስኖ፣ ከወርቅ የተሠራ ናሙና ጭምር፣ በከተማው የንግድ ምክር ቤት ተቀምጧል። ልኩም የከተማዋ የታወቀው የአዚኔሊ ግንብ ቁመት ለ12,270 ሲካፈል የሚገኘው ነው ይላሉ። በ1974 የቶርቴሊኒው ሙሌት ተመዘገበ፤ የአሳማ ወገብ ሥጋ፣ ፕሮሹቶ፣ ሞርታዴላ፣ ፓርሚጃኖ፣ እንቁላል፣ ገውዝ። በ1982 ደግሞ ራጉ ተከተለ፤ በ2023 ተሻሽሏል። ዓለም ሁሉ የቦሎኛ እያለ የሚበላው ስፓጌቲ በመዝገቡ የለም፤ ራጉ በታሊያቴሌ ነው የሚበላው። እኔ በመጀመሪያ የቢሮክራሲ ቀልድ ነበር የመሰለኝ። አሁንም ከፊሉ ቀልድ ይመስለኛል። ሲኞራዋን መዝገቡ ምን ይላል ብዬ ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቅንቀው «የንግድ ምክር ቤቱ ሲጠፋበት እኔን ይጠይቅ» አሉ። በየቤቱ መዝገቡን የሚጠብቀው ሰውም የሚጥሰውም ሰው ያው አንድ ሰው ነው።

እሳቸው የሚታመኑት ለአንድ መጽሐፍ ነው፤ አማታቸው ያወረሷቸው፣ ገጹ በቅቤና በመረቅ የወዛ። ጸሐፊው ፔሌግሪኖ አርቱዚ ከቦሎኛ ብዙ በማትርቀው ፎርሊምፖፖሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ተወልዶ ፍሎረንስ የኖረ ነጋዴ ነው። አሳታሚ ስላጣ መጽሐፉን በ1891 በራሱ ገንዘብ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ከየአገሩ የቤት እመቤቶች አሠራራቸውን በደብዳቤ እየላኩለት መጽሐፉ በየእትሙ ወፈረ፤ በመጨረሻ 790 የምግብ አሠራር ይዟል። በ1911 ሲሞት የመጽሐፉን ገቢ ለሁለቱ የቤት ምግብ ሠራተኞቹ ተናዘዘ። ይህን ሳነብ ሰውየውን ወደድኩት። የወጥ ቤት ሴት ላብ በሌላ ሰው ስም ሲሸጥ ማየት የለመድን ነን።

ጾም ላይ መሆኔን ስነግራቸው ሲኞራዋ ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። መርማሪ ሆነው ቁጭ አሉ።

«ሥጋ የለም። እሺ። መረቅስ?»

«አይሆንም።»

«ቅቤ? ፎርማጆ? እንቁላል?»

«አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም።»

«ዓሣስ?»

እናቴ በጾም ዓሣ ስለማትበላ እኔም አልበላም፤ ክርክሩን ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። «እስከ ገና ነው?» አሉ። እስከ ጃንዋሪ 7፣ የእኛ ገና እስኪደርስ ስላቸው ነው እጃቸውን ያጨበጨቡት። ቀጥለው የተናገሩት ግን ያልጠበቅኩት ነው። በልጅነታቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ የሚባል ነገር ቤታቸው አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ የጾሙን ሥርዓት አቀለሉት። «ሲያቀሉልን ሥጋ መግዣውም መጣ፤ ከዚያ በፊት ሳምንቱ ሙሉ ዓርብ ነበር» ብለው ሳቁ። አባታቸው ሜዛድሮ ነበሩ፤ የሌላ ሰው መሬት አርሰው ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እኩል የሚካፈሉ። የእኩል አራሽ ልጅ ነኝ ሲሉኝ ለእኔ ትርጓሜ አላስፈለገኝም። እነሱ ዘንድ አዲስ የእኩል አርሶ ውል በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የእኛ የመሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ወጣ። በዚያ ወፍራም በሚባል አገር፣ ለም አፈር ላይ፣ የአራሹ ገበታ ላይ የሚቀመጠው ቦሎቄ፣ ሽንኩርትና የበቆሎ ገንፎ ነበር። ፖሌንታ ይሉታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲኞራዋ የልጅነታቸውን ምግብ ያበስሉልኝ ጀመር። ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ ደቅቆ በዘይት ይጠበሳል፤ የጥብስ ቅጠል አንድ ዘለላ ይገባል። ከቦሎቄው ግማሹ ይፈጭና ወደ ድስቱ ይመለሳል፤ ክሬም የጨመሩበት ይመስላል። የሽንብራ ሾርባም እንዲሁ። የእንቁላል ሊጥ ስለማልበላ በዱቄትና በውሃ ብቻ የሚሠራ፣ በመዳፍ የሚጠቀለል ስትሮዛፕሬቲ የሚባል ፓስታ ሠሩልኝ፤ ቄስ አናቂ ማለት ነው። «ለጾመኛ የሚሆን ስም አይደለም፣ ግን እንቁላሉን ሸጠን ጨው ስንገዛበት የምንበላው እሱን ነበር» አሉኝ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ከሽንኩርትና ከቲማቲም የሚሠራው ፍሪጆኔ ነው። ሽንኩርቱ ቆዳው ነጭ የሆነ ትልልቅ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ማለቴ ግን አይደለም። ብዙ ኪሎ ልጠው በስሱ ቀረደዱት። ጨውና ቁንጥር ስኳር ነስንሰው ውሃውን እስኪያወጣ ለሁለት ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ ወፍራም ድስት ውስጥ ከነውሃው ጣዱት። በወጉ የአሳማ ስብ ነው የሚገባበት፤ ለእኔ ሲሉ እየተነጫነጩ ዘይት አደረጉ። እሳቱ ከመብራት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ማማሰያው ከእጃቸው አይለይም፤ ሽንኩርቱ ነጭ ነበረ፣ ብርሃን አሳለፈ፣ ወርቃማ ሆነ፣ ቅርጹን ጥሎ ወረደ። የተላጠ ቲማቲም ጨመሩ፣ እንደገና ሰዓት ሄደ። የፎቁን ደረጃ ሽታው ሞላው። ዓይኔን ብጨፍን የበዓል ዋዜማ ነው፣ እናቴ ቁሌቱን ይዛለች። በርበሬው የሚገባበት ሰዓት ደረሰ። አልገባም። ድስቱ ወረደ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ጣዕሙ ደግ ነው፣ ጣፋጭ ነው፤ ግን ሙሽራዋ የቀረችበት ሠርግ ላይ የተገኘሁ መሰለኝ። በማግስቱ ከሻንጣዬ በርበሬ አውጥቼ በራሴ ሳህን ላይ ነሰነስኩ። ሲኞራዋ በማንኪያ ጫፍ ቀመሱ፣ አሳላቸው፣ ውሃ ጠጡ። ፍርዳቸው አጭር ነበር፦ «ቲማቲሙን ይገድለዋል።»

እኔ የማልበላውም ከዓይኔ አላመለጠም። የፓርሚጃኖው ቅርፊት ተፍቆ ታጥቦ ሾርባ ውስጥ ይገባል፤ ሲለሰልስ ለልጅ ልጆች ነው የሚታደለው፣ ይጣሉበታል። የደረቀ ዳቦ ይፈጭና ከእንቁላል፣ ከፎርማጆና ከገውዝ ጋር ታሽቶ ቀዳዳ ባለው ብረት ተጨቁኖ መረቅ ውስጥ ይወርዳል፤ ፓሳቴሊ ይባላል፣ ምግብ ቤት ውስጥ ዋጋው ቀላል አይደለም። ከታሊያቴሌው ጠርዝ ላይ የተቆረጠው ጠማማ ቁራጭ ቦሎቄ ሾርባ ውስጥ ይገባል፤ እሱም ስም አለው። መረቁ የወጣለት ሥጋ በማግስቱ ከሽንኩርት ጋር ይጠበሳል። እኛም ፍርፍርና ድርቆሽ ያለን ሰዎች ነን፤ የሚለየን እነሱ የትርፉን ምግብ ለእንግዳ ማቅረብ አለማፈራቸው ነው። እኛ ፍርፍርን ለቁርስ እንጂ ለተጋባዥ አናቀርብም። ለምን እንደሆነ ባስበውም በቂ ምክንያት አላገኘሁለትም።

በታህሳስ አንድ እሁድ ቤተሰቡ ሁሉ ለቶርቴሊኒ ተሰበሰበ። ሲኞራዋ ለመቶ ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ሒሳብ ሊጡን አቡክተው፣ አሳርፈው፣ በዚያ ረጅም መዳመጫ መዳመጥ ጀመሩ። መላ አካላቸው ይሠራል። ሊጡ ሰፍቶ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወረደ። በኮረብታው ላይ ያለው የሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን በሊጡ ውስጥ አሻግሮ ካልታየ አልሳሳም ይላሉ ቦሎኛዎች፤ በዚያ ቀን ጉም ስለነበረ ሳን ሉካ በመስኮቱም አልታየም። ሊጡ በትናንሽ አራት ማዕዘን ተቆረጠ። በእያንዳንዱ ላይ ከሽንብራ ፍሬ ያነሰ ሙሌት ይቀመጣል፤ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፤ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ጫፍና ጫፉ ይጨቆናል። ያነሰ ይከበራል። መብላት ባልችልም እጅ ስላለኝ አስቀመጡኝ። የእኔዎቹ ለብቻ ትሪ ተሰጣቸው፤ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጅ ከዚያ ትሪ ላይ ጥሬውን እየሰረቀ ይበላል፣ ማንም አልከለከለውም።

አሳማ አለመብላቴ ሲነሳ ነገሩ ጋለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ፔትሮኒዮ በሚከበርበት በኦክቶበር ወር፣ አሳማ የማይበሉ ሰዎችም እንዲቀምሱ በዶሮ ሥጋ የተሞላ ቶርቴሊኒ ይቀርብ ተብሎ አገር ተናውጦ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ማቴዎ ዙፒ ሐሳቡን ደግፈዋል ተብሎ ፖለቲከኞች ማንነታችን ተነካ ብለው ጮኹ። ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። ልጃቸው «ማንን ይጎዳል?» አለች። አማቻቸው «የዶሮውን ይብሉ፣ ግን ቶርቴሊኒ ብለው አይጥሩት» አለ። የሞዴና ተወላጅ የሆነችው የወንድ ልጃቸው ሚስት ደግሞ ቶርቴሊኒ የቦሎኛ ሳይሆን የእኛ ነው ብላ ሌላ እሳት ለኮሰች። ሲኞራዋ እጃቸውን ሳያቆሙ ሁሉንም አዳመጡና አርቱዚን አምጡልኝ አሉ። እዚያ ውስጥ በሮማኛ አውራጃ ወግ የሚሠራ ካፔሌቲ የሚባል የተሞላ ፓስታ አለ፤ ሙሌቱ ለስላሳ አይብና የተኮላሸ አውራ ዶሮ ደረት ነው። «በ1891 ማንነታችሁ የት ነበር?» ብለው መዳመጫውን አነሱ። ክርክሩ እሳቸው አሸንፈውም አላለቀም። እኛ ፍቅራችንን «ብላ፣ በሞቴ» እያልን በጉርሻ ነው የምንገልጸው። እነዚህ ሰዎች የሚገልጹት በመጨቃጨቅ ነው። ግድ የማይሰጠው ሰው ስለ ዶሮ ደረት ድምፁን ከፍ አያደርግም።

ዲሴምበር 25 ደረሰ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ገበታ ላይ ነበሩ፤ ቶርቴሊኒ በመረቅ፣ የተቀቀለ ዶሮና ሥጋ፣ ፍራፍሬ፣ ማርና ለውዝ ያለበት ቼርቶዚኖ የሚሉት የከተማዋ የገና ኬክ። እየበሉ የሚያወሩት ስለሌላ ጊዜ ምግብ ነው፤ ያምናው መረቅ ጨው እንደበዛበት፣ የሟች ባላቸው እናት ሙሌቱን እንዴት እንደሚሠሩ። እኔ መካከላቸው ተቀምጬ የሽንብራ ሾርባዬን በላሁ። በእኛ ቤት ይህ አይሆንም። አንድ ትሪ ላይ ጾመኛና ያልጾመ አብሮ አይቆርስም፤ ወይ ጾመኛው ለብቻ ይቀርብለታል፣ ወይ ሁሉም በእሱ ምክንያት ይሳቀቃል። ሳህን በየራስ መሆኑን ሁልጊዜ እንደ ብቸኝነት ነበር የማየው። በዚያ ቀን ግን የራስ ሳህን ቦታ ሰጠኝ፤ ማንም ሳይቀየርልኝ፣ እኔም ለማንም ሳልቀየር ከጠረጴዛው እኩል ተካፈልኩ።

የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ የእኔ ቀን ነበር፤ ምስር ይበላል። እነሱ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚያቀርቡት። ምስሩ ሳንቲም ይመስላልና የበላ በዓመቱ ገንዘብ ያገኛል ይላሉ። በዚህ ሒሳብ ኢትዮጵያ ባለጸጋ አገር መሆን ነበረባት አልኳቸው። ሲኞራዋ ጭልፋ ጨመሩልኝ።

ጃንዋሪ 6 ቤፋና የምትባለዋ አሮጊት ለልጆች ከረሜላ አከፋፍላ በዓላቱን ሁሉ ጠራርጋ ትሄዳለች፤ በማግስቱ ከተማው ወደ ሥራ ይመለሳል፣ ሰው ስለ ክብደቱ ያማርራል። የእኔ ገና የገባው ያን ዕለት ነው። ዋዜማውን ዶሮ ገዝቼ ማጀት ገባሁ። ቆዳውን ገፍፌ፣ በሎሚና በጨው እያሸሁ፣ ውሃ እየቀየርኩ ማጠብ ስጀምር ሲኞራዋ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠብኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እያጠብኩ።»

ጣዕሙን ሁሉ ቱቦ ውስጥ ጨረሽው ብለው ጮኹብኝ። ውሃው ኩልል ካላለ ዶሮ ወጥ እንደማይባል ብነግራቸውም አልሰሙም። ቆዳውን፣ አንገቱን፣ የክንፉን ጫፍ ከእጄ ነጥቀው ሌላ ድስት ውስጥ ጨመሩና መረቅ ጣዱ። ዶሮ በ12 ብልት እንደሚወጣ፣ እያንዳንዱ ስም እንዳለው አስረዳኋቸው፤ በጥሞና አደመጡኝ። ካደመጡ በኋላ ደረቱን አነሱ። ለካፔሌቲ ሙሌት ነው። ጾምሽን የምትፈቺው በእኔ መረቅ ነው አሉ። ፈረሰኛው መሆኑን፣ የአባወራው ድርሻ መሆኑን ነገርኳቸው። «በዚህ ቤት አባወራ የለም» አሉ።

በምድጃው አንዱ ዓይን ላይ የእሳቸው መረቅ፣ በሌላው ላይ የእኔ ቁሌት ተጣደ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ሳማስል ቆመው አዩ፤ እዚህ ላይ ቃል አልተናገሩም። በርበሬ ገባ። ከአገሬ ባመጣሁት ኮረሪማ ያነጠርኩት የጣሊያን ቅቤ ገባ። በማግስቱ መጀመሪያ ካፔሌቲውን በመረቅ በላን፣ ከዚያ ከሐበሻ ሱቅ በገዛሁት እንጀራ ዶሮ ወጡን። ሲኞራዋ በሹካ ጀምረው መጨረሻ ላይ ሳህናቸውን በዳቦ ጠራርገው ጨረሱ። የተረፈውን ወጥ በሦስተኛው ቀን ታሊያቴሌ ላይ አድርገው አቀረቡት፤ ስለ መዝገቡ ማንም አላነሳም።

ምሳ ላይ እናቴ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ተባብለን ብልቱን በሙሉ ጠየቀችኝ፤ ፈረሰኛው የት እንደደረሰ ነገርኳት።

«ፈረሰኛውን ለጣሊያን አስረከብሽ?» አለች እየሳቀች።

ሲኞራዋ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እሳት ላይ እንደቆየ ትጠይቃለች አልኳቸው።

«ሦስት በያት» አሉ። «አራት መሆን ነበረበት።»